አምስት ጎራሽ

ከቡሬ ወደ ዓባይ ቆላ እየወረድን ነው። ከርከሮ የአጎቴን ማሽላ ፈጅቶታል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሙና ምንሽሩን ከፍተው ጥይቶቹን ኪሳቸው ከተቱ፤ የጥይት ማጉረሻውን በጣታቸው ዳበሱ። "እይ" አሉኝ። እኔ ስልኬ ላይ ነበርኩ።

"መቆለፊያ አለው እኮ ጋሼ።"

"ድንጋይ ሲመታው መቆለፊያህ ምን እንደሚያስብ ታውቃለህ?"

እሳቸው ከፊት፣ እኔ ጠመንጃውን አንግቼ ከኋላ፤ ሁለቱም እጆችህ ለድንጋዩ ነጻ ይሁኑ ብለውኛል። ኮረቱ ከዳኝ። ቀና ስል አፈሙዙ ጀርባቸውን ያያል። ምንሽሩ አምስት ጎራሽ ነው፤ ስንት ጥይት እንደወጣ ግን አልቆጠርኩም። ቢሮ ውስጥ ያልሞከርኩትን ኮድ የማልለቅ ሰውዬ!

ዞር አሉ። ኪሳቸው ገቡና መዳፌ ላይ አንድ በአንድ ቆጠሩልኝ። አምስት።