ስም የሚያውቅ ሰው ሳለ

ባለፈው ክረምት ከነፋስ መውጫ ስመለስ እናቴ ሦስት ሜሞሪ ካርድ በመሐረብ ቋጥራ ሰጠችኝ። «የሁላችንም ነገር እዚህ ውስጥ ነው፤ አደራ» አለችኝ። የጋይንት ሠርግ፣ የስማዳ ተዝካር፣ የእስቴ ክርስትና፣ የአያቴ ድምፅ፤ የዐሥር ዓመት ፎቶና ቅጂ ተቀላቅሎ።

ላፕቶፔ አሮጌ ነው። ያን ሁሉ ፎቶ በምስል ልደርድር ሲል ስታክ ያደርጋል። አንድ ወዳጄ አይቶ ሚድናይት ኮማንደር ጫነልኝ። ሜክሲኳዊው ሚጌል ዴ ኢካዛ በፈረንጆች 1994 የጀመረው፣ መልኩን ከ1986ቱ ኖርተን ኮማንደር የወሰደ ነፃ ፕሮግራም ነው። ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጽሑፍ ብቻ። በግራ የካርዱ ዝርዝር፣ በቀኝ የሃርድ ዲስኩ። በታብ ከአንዱ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። ኢንሰርት ስትጫኑ የመረጣችሁት ስም ቢጫ ይሆናል፤ ኤፍ 5 ኮፒ ያደርጋል፣ ኤፍ 6 ያዛውራል፣ ኤፍ 7 አዲስ ፎልደር ይከፍታል። ማውዝ የሚባል ነገር ሳልነካ አመሻለሁ።

ምስሉ ሲቀር ግን የቀረልኝ ስም ነው፤ ስሙ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነበር። ሠርጉም ቁጥር፣ ለቅሶውም ቁጥር። ስለዚህ አንድ በአንድ እየከፈትኩ እናቴ ዘንድ መደወል ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ነጭ ድንኳን አለ፤ ከኋላው ትልቅ ግራር ይታያል።»

«ግራሩ ካለማ ስማዳ ነው ልጄ። የአክስትህ ባል ተዝካር ነው። ጥላ የያዘውን ንገረኝ እስቲ፣ ቀጭን ነው?»

እንዲህ እያልን ስም አወጣንላቸው። ሊኑክስ ለአንድ ስም 255 ባይት ይፈቅዳል፤ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ 85 ፊደል ይገባል። ቀኑም፣ አገሩም፣ ድግሱም፣ የሰውዬው ስምም ይበቃቸዋል።

ስም ማውጣት ግን ሥርዓት ይፈልጋል። አንዴ «ስማዳ»፣ አንዴ «ሲማዳ» ብዬ ጽፌ፣ አንዱን ስፈልግ ሌላው አይመጣም። «እስቴ» እና «እስጤ»ም እንደዚያው። ወሮቹን በስማቸው ብቻ ስጽፍ ደግሞ ኮምፒውተሩ በፊደል ተራ ደርድሮ ሐምሌን ከመስከረም አስቀደመብኝ።

መላውን ያገኘሁት ከአገሬ ነው። የድጓ ማስመስከሪያ ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ዙር አምባ፣ ሁለቱም ጋይንት ናቸው። የዜማ መጽሐፉ ድጓ ከመስከረም 1፣ ከዮሐንስ በዓል ይጀምርና ዓመቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ዜማ በበዓሉ ሥር ቦታ አለው። እኔም ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በቁጥር አስቀድሜ ከዚያ አገሩን መጻፍ ያዝኩ፦ «2011-05-11-ነፋስ-መውጫ-ጥምቀት»። አሁን ዝርዝሩ ራሱ እንደ ዘመን ይነበባል።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ኤፍ 8 ያጠፋል። አንዴ ይጠይቃችኋል፤ እሺ ካላችሁት ፋይሉ የሚያርፍበት ቅርጫት እንኳ የለውም። አያቴ ልጅነቷን የምታወራበትን ቅጂ፣ ሁለት ጊዜ የተቀዳ መስሎኝ፣ ከካርዱ ላይ እንዲህ አጠፋሁት። ያኔ ስሙ ገና ቁጥር ነበር። «አያቴ ስለ ልጅነቷ» የሚል ቢሆን ኖሮ ጣቴ እዚያ ቁልፍ ላይ ባላረፈ።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ በተለይ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ርቃችሁ ያላችሁ፣ ስልካችሁ ውስጥ ያለውን ዛሬ ሰይሙት። በምን ፕሮግራም ብትሠሩ ግድ የለም። ብቻ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቁ።

እኔ ዘንድ «ያልታወቀ» የሚል አንድ ፎልደር ቀርቷል። ሠላሳ ሰባት ፎቶ አለበት፤ በስልክ ብገልጽላትም እናቴ አልለየቻቸውም። ለጥምቀት ላፕቶፑን ይዤ እሄዳለሁ። ቡናው ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያኔ አንድ በአንድ እከፍትላቸዋለሁ።