እንስላል የበቀለበት የጦር ሜዳ

ማራቶን ሲባል ለእኛ ቶሎ የሚታወሰን አበበ ቢቂላ ነው፤ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ በጫማ። ማራቶን ግን የሩጫ ስም ከመሆኑ በፊት የአገር ስም ነው። ከአቴንስ በስተሰሜን ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በተራራና በባሕር መካከል የተኛ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። ስሙም የመጣው በግሪክኛ እንስላልን ከሚጠሩበት ቃል ነው ይባላል። አዎ፣ እኛ ለሻይና ለአረቄ የምናውቀው እንስላል! አበበም መንገዱን ያውቀዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ከዚሁ ከማራቶን ተነሥቶ አቴንስ በሚያበቃው ውድድር ሮጦ አሸንፏል።

አቴንስ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድኩበት ጊዜ ነው ይህን ሜዳ ያየሁት። የወሰደን የአሥር ዓመቱ የልጅ ልጄ ነው ብል ይሻላል። የጥንት የግሪክ ወታደሮችን ልብስና መሣሪያ ለብሰው ሰልፉን እንደገና የሚያሳዩ ሰዎች እሁድ ጠዋት ማራቶን እንደሚገኙ ከትምህርት ቤት ጓደኞቹ ሰምቶ አላስቀምጥ አለን። እናቱ አልወደደችውም። «እማዬ፣ ጦርነት ጨዋታ ነው እንዴ?» አለችኝ። እኔም ብሆን ልቤ ወዲያና ወዲህ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ በሰሜን በሚገኝ ሆስፒታል ወጣት ነርስ ሆኜ ከግንባር የሚመጡ ቁስለኞችን ሳክም ኖሬአለሁ። ጦርነት ምን እንደሚመስል ሥዕል አያስፈልገኝም። ሆኖም ልጁ በስልኩ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲተኩስ ከሚውል፣ የምር የሆነውን ነገር በዓይኑ ይይ ብዬ ፈረድኩ።

ከአቴንስ መሐል፣ ፔዲዮን አሬዎስ ከሚባለው መናፈሻ አጠገብ የሚነሣ አውቶቡስ አለ። መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ባርኔጣና ውኃ አትርሱ፤ ሜዳው ላይ ጥላ እንደልብ አይገኝም።

ሰዎቹ ወደ ሠላሳ ይሆናሉ። ተዋንያን መስለውኝ ነበር፤ ጠጋ ብለን ስናዋራቸው አንዱ የታሪክ መምህር፣ አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አንዷ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናቸው። እንዲህ ያሉ ማኅበራት በግሪክ ብቻ ሳይሆን በሌሎች የአውሮፓ አገሮችና በአሜሪካም አሉ። የማራቶን ጦርነት 2,500ኛ ዓመት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲታሰብ ከተለያዩ አገሮች እዚህ ተሰብስበው ነበር። አብዛኞቹ ዕቃቸውን ራሳቸው ይሠራሉ። ነሐሱን ይቀጠቅጣሉ፣ እንጨቱን ይጠርባሉ፣ በሙዚየም ያለውንና በሸክላ ጽዋ ላይ የተሣለውን እያዩ ልኩን ይወስዳሉ።

በጣም የገረመኝ የደረት ጥሩሩ ነው። ሁሉም ብረት ወይም ነሐስ አይደለም። አንዳንዱ ከተልባ እግር የተሸመነ ጨርቅ በብዙ ድርብ ተጣብቆ የሚሠራ ነው። የእኛው ተልባ መሆኑ ነው! ጥንት በትክክል እንዴት ይሠራ እንደነበር ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ ቆዳ ነው የሚሉም አሉ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን አንድ ፕሮፌሰር ከተማሪዎቹ ጋር ጨርቁን በሙጫ ደራርቦ ሠርቶ፣ ቀስት እየወረወረበት ሲፈትነው በሚገባ እንደሚከላከል አይቷል።

ከዚያ የራስ ቁሩ መጣ። ነሐስ ነው፤ ፊትን ሸፍኖ ለዓይንና ለአፍ ብቻ ክፍት ይተዋል። ጆሮ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። የለበሰው ሰው በጎን አያይም፣ ትእዛዝ በደንብ አይሰማም። ሰልፉን ጨርሶ ቁሩን ያወለቀ አንድ ወጣት ፊቱ ቲማቲም መስሎ ሳየው ሥራዬ አልለቀቀኝም፤ ሳልጠየቅ እጁን ይዤ የልብ ምቱን ቆጠርኩ። ጥላ ሥር አስቀምጬ ውኃ ቀስ እያለ እንዲጠጣ አደረግሁ። ሳቀና «የጥንቶቹም ነርስ ቢኖራቸው ጥሩ ነበር» አለኝ።

ለነገሩ የሚያክም አላጡም። መምህሩ ስልኩን አውጥቶ፣ ዛሬ በርሊን የሚገኝ 2,500 ዓመት የሚሆነው የአንድ ጽዋ ሥዕል አሳየኝ። አኪሌስ የተባለው ጀግና የቆሰለ ጓደኛውን የፓትሮክሎስን ክንድ በፋሻ ይጠቀልላል። ጓደኛው ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ጥርሱን ነክሷል። ፋሻ ሲታሰር ፊቱን ያላዞረ ቁስለኛ እኔ ብዙም አላየሁም። ሥዕሉን የሣለው ሰው ሕመምተኛ አጠገብ ቆሞ እንደነበር ምንም አልጠራጠርም።

ጦሩ ከሁለት ሜትር በላይ ነው። ለትርኢቱ ጫፉ ደንዝዟል፤ ሕፃናትም ከገመድ ወዲያ ማለፍ አይፈቀድላቸውም። የመቄዶንያዎቹ ግን ይባስ። ከማራቶን ጦርነት አንድ መቶ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ የነገሠው ፊልጶስ፣ በግእዝ መጻሕፍታችን እስክንድር ብለን የምናውቀው የታላቁ ንጉሥ አባት፣ ለእግረኞቹ አምስትና ስድስት ሜትር የሚደርስ ጦር አስያዛቸው። በአንድ እጅ ስለማይያዝ ትንሿን ጋሻ ከአንገታቸው ያንጠለጥላሉ። የአምስት ረድፍ ወታደሮች ጦር ከፊተኛው ሰው ፊት ያልፋል፤ ጠላት የሚያየው የጦር አጥር ነው። ከፊት ለሚመጣ የማይደፈር፣ ለመዞር ግን እጅግ የሚያስቸግር። አራት ሰዎች ተሰልፈው ወደ ግራ ዙሩ ሲባሉ ጦሮቹ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሕፃናቱ በሳቅ ፈረሱ።

የልጅ ልጄን ያስተማረው ግን ጋሻው ነው። ክብ ነው፣ ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቱ ሰባት ኪሎ። ሰባት ኪሎ ማለት የስድስት ወር ሕፃን ማለት ነው። ግራ ክንድህን በመሐሉ ማሰሪያ እስከ ክርንህ ታስገባና ጠርዙ ላይ ያለውን መያዣ ትጨብጣለህ። መምህሩ ገመዱን ከፍቶ አስገባውና አሸከመው። መጀመሪያ ደረቱን ነፋ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «እማማ፣ በዚህ ነው የሚሮጡት?» አለኝ። አዎ። ሄሮዶቱስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚለው አቴናውያን ወደ ፋርሶች አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ሮጠው ነው የገጠሙት። ስልክ ላይ ጋሻ አይከብድም።

መምህሩ ሌላም ነገር አሳየው። ጋሻው ሲያዝ ግማሹ ከያዡ ግራ ጎን ወጥቶ ይቀራል። ያ ግማሽ ለራስህ አይደለም፤ በግራህ ለቆመው ነው። አንተን የሚሸፍንህ ደግሞ በቀኝህ ያለው ሰው ነው። ስለዚህ በግሪኮች ዘንድ የራስ ቁሩን የጣለ ይታለፋል፣ ጋሻውን የጣለ ግን ይዋረዳል ይባል ነበር፤ ጋሻው የሁሉም ነውና።

ከትርኢቱ በኋላ ወደ መቃብሩ ሄድን። ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል የሚሆን በሣር የተሸፈነ የአፈር ጉብታ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 በዚያ ቀን የሞቱት 192 አቴናውያን እዚህ ተቀበሩ። ከፋርሶች 6,400 ሞቱ ይላል ሄሮዶቱስ። ጥንት የ192ቱ ስም በየነገዳቸው በድንጋይ ተቀርጾ እዚህ ቆሞ ነበር። ዛሬም በኅዳር የሚደረገው የአቴንስ ማራቶን ይህን ጉብታ ዞሮ ያልፋል።

ልጁ ጉብታውን ዞሮ ሲመለስ «እማማ፣ ከእኛ ቤትስ በጦርነት የሞተ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቱ አየችኝ። ታናሽ ወንድሜ በ19 ዓመቱ ዘምቶ አልተመለሰም። የት እንደተቀበረ አናውቅም። ስሙ በቤታችን ሲነሣ እናቴ ስለምታለቅስ፣ እሷ ከሞተች በኋላም ማንሣቱን ትተነው ቆይተናል። ያን ቀን እዚያው ሣሩ ላይ ተቀምጠን ነገርኩት። ስሙን፣ ፉጨት ይወድ እንደነበር፣ አንድ ጥርሱ የተሸረፈ እንደነበር። ልጁ ስሙን ሁለት ጊዜ ደገመው። ልጄም ከአጎቷ ነገር ግማሹን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

እኛም የካቲት 23 ቀን ልጆቻችንን ጎፈር አልብሰን፣ ጋሻና ጦር አስይዘን የዓድዋን በዓል እናከብራለን። ደስ ይላል፤ ይቀጥል። ነገር ግን ወላጆችና አያቶች፣ የልጁን ፎቶ አንሥተን ብቻ አንመለስ። ከተገኘ እውነተኛውን የቆዳ ጋሻ ይሸከም፤ ክብደቱን ክንዱ ይወቀው። የዘመተው ቅድመ አያቱ ማን እንደነበር፣ ስንቅ ማን እንዳዘጋጀ፣ ማን እንዳልተመለሰ ንገሩት። ስሙን የማታውቁት ከሆነ ከቤተሰቡ የሚያውቅ ሽማግሌ ሳይሞት ጠይቁ። ጀግንነትን ብቻ የሰማ ልጅ ጦርነትን ይመኛል። ክብደቱንም ያወቀ ግን በግራው ማን እንደቆመ ያስባል።