የአውራ ጣት ፍርድ

«ኤንኤችኤል» የተሰኘው የበረዶ ሆኪ የቪዲዮ ጨዋታ በየዓመቱ አዲስ ቁጥር ለጥፎ ብቅ ይላል። የተጫዋቾች ስም ዝርዝር ይታደሳል፤ ማልያ ይለወጣል፤ በረዶውም ይበልጥ ያንጸባርቃል። ይህን ሁሉ ዓይን በአንድ ምሽት ይጠግበዋል። እኔ ግን የምፈርደው በአውራ ጣቴ ነው።

ይህን ሚዛን ያስጨበጠኝ እ.ኤ.አ. በ2006 ለኤክስቦክስ 360 የወጣው «ኤንኤችኤል 07» ነው። ቀድሞ ጎል መሞከር ማለት ቁልፍ መጫን ነበር። በዚያ እትም የመቆጣጠሪያው ቀኝ ዘንግ ራሱ የሆኪ ዱላ ሆነ፤ ወደ ኋላ ስስበው ዱላው ይነሣል፤ ወደ ፊት ስገፋው ይመታል። አዛዥ ብቻ የነበርሁት ያን ጊዜ ተጫዋች ሆንሁ።

በ2014 ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን የወጣው «ኤንኤችኤል 15» በአንጻሩ መልኩን አሳምሮ፣ የተለመዱ የጨዋታ ዓይነቶችን ጥሎ መጣ። የተወሰኑት ቆይተው ቢመለሱም፣ ውበቱ የጎደለውን አልሞላም።

ፍርዱ ዋጋ አለው። በኢንተርኔት አብረውኝ የሚጫወቱ ወዳጆቼ ወደ አዲሱ ሲሻገሩ፣ በአምናው የምቀረው ብቻዬን ነኝ። ቢሆንም አዲሱን እትም አንድ ነገር ብቻ እጠይቀዋለሁ፦ እጄን ምን ታስተምረዋለህ? መልስ ካጣሁ የአምናው ይበቃኛል።