ሌባው 5 ቁጥር ነበር

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከቤታችሁ ገንዘብ ጎደለ እንበል። መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ሠራተኛዋ ላይ? ከገጠር የመጣው የዘመድ ልጅ ላይ? አይዟችሁ፣ አላጋልጣችሁም። እኛም ቤት የሆነው ይኸው ነው።

አባቴ ደሴ ውስጥ ሱቅ ነበረው። ሳሙና በሉት፣ ስኳር በሉት፣ ሚስማር በሉት፣ የሌለ ነገር አልነበረም። ባንኮው ላይ ደግሞ አንድ የሚኮራበት የኪስ ካልኩሌተር ነበረው። በ1971 ዓ.ም. አንድ የአሰብ መስመር ሾፌር ያመጣለት ነው። ቁጥሮቹ እንደ አሁኖቹ ጥቁር አይደሉም፤ አረንጓዴ ሆነው ይበራሉ። ማታ መብራት ሲጠፋ ለእኛ ለልጆች ትንሽ ቴሌቪዥን ነበር።

በጊዜው እንዲህ ያለ ዕቃ የዋዛ አልነበረም። ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ኤችፒ-35 የሚባለውን የኪስ ካልኩሌተር ለገበያ ሲያወጣ ዋጋው 395 ዶላር ነበር። በኋላ የካልኩሌተር ዋጋ በፍጥነት ቢወርድም፣ ለአንድ የደሴ ባለሱቅ ግን ትልቅ ነገር ነበር። አባቴማ "ሰው ይሳሳታል፣ ማሽን አይሳሳትም" ይል ነበር።

በ1999 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። አንድ የ16 ዓመት ልጅ ሱቁን ያግዝ ነበር። እናቱ የአባቴ የአክስት ልጅ ናቸው። ቀን ይሸጣል፣ ማታ ይማራል። የሸጠውን ሁሉ ደብተር ላይ ይጽፋል። ካልኩሌተሩን ሲነካ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው። አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ቁጥሩን ያያል፤ ሌላ ይጫናል፣ ያያል። አባቴ "ፈጠን በል እንጂ! ምስር እየለቀምክ ነው እንዴ?" እያለ ይቆጣው ነበር።

ማታ ማታ አባቴ የደብተሩን ሽያጭ ይደምርና ከመሳቢያው ገንዘብ ጋር ያስተያያል። አንድ ቀን 50 ብር ጎደለ። ሳምንት ቆይቶ 140። ቀጥሎ 230! ያን ጊዜ 230 ብር ስንት ነገር ነው። አባቴ ገንዘቡን ሦስት ጊዜ ይቆጥራል፤ ድምሩን ግን አንዴ ደምሮ ያበቃል። ማሽን አይሳሳትማ!

በመጨረሻ ልጁን አባረረው። ብርድ ልብሱንና ደብተሮቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ በር ላይ ቆሞ እንደነበር አሁንም ይታየኛል። ወር ሳይሞላ ካልኩሌተሩም ጭራሽ አልበራ አለ፤ አባቴ አዲስ ገዛ። ጉድለቱም ቆመ። "አያችሁ? ሌባው ሲሄድ ጉድለቱ ቆመ" አለን። የልጁ እናት ከዚያ ወዲህ ቤታችንን ረግጠው አያውቁም። አያቴ ስትሞት እንኳ ለለቅሶ አልመጡም። በእኛ አገር ለቅሶ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ዓመታት አለፉ። እኔ 12ኛን ጨርሼ ነጥቡ አልመጣ ሲለኝ አንድ ዘመዴ ሞባይል ቤት ገብቼ ሁለት ዓመት ካቻቪቴ ጨበጥኩ። ዛሬ እንጀራዬ ብዕር ቢሆንም የተበላሸ ዕቃ ሳይ እጄ አያርፍም። ያለፈው ክረምት ደሴ ስሄድ ያንን ካልኩሌተር ከአሮጌ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት። "ተይው ልጄ፣ እሱ ከሞተ ቆየ" አለኝ አባቴ። እኔ ግን እምቢ አልኩ።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ አሮጌ ካልኩሌተር ካለ ከመወርወራችሁ በፊት አሠራሩን ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ሕግ ከቀላሉ መጀመር ነው። ቀላሉ ባትሪ ድንጋዩ ነው። የኛው ውስጥ አልካላይን ድንጋዮች ተረስተው፣ ፈሳሻቸው ወጥቶ፣ የሚይዛቸው ብረት ነጭና አረንጓዴ ዝገት ለብሶ ነበር። ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያቃጥል በባዶ እጅ አትንኩት። ጥጥ በአቸቶ ነክራችሁ ስታሹት ይለቃል። ከዚያ በትንሹ በረጠበ ጨርቅ ጠርጋችሁ በደንብ አድርቁት። የቀረውን ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በላጲስ ፈግፍጉት። "ሞቷል" የተባለ ስንትና ስንት ካልኩሌተር እዚህ ላይ ይነሳል።

ካልተነሳ ወደ ውስጥ መግባት ነው። መጀመሪያ ድንጋዩን አውጡ። የሱፍ ሹራብ ከለበሳችሁ አውልቁና ብረት ነገር ንኩ፤ ገላችን ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ሳይታወቃችሁ ቺፑን ሊገድለው ይችላል። ከባትሪው የሚነሳው ሽቦ በላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይዝጋል፤ ሲያዩት ደህና ነው። በቴስተር ፈትሹትና ካላስተላለፈ ቀይሩት። አረንጓዴ የሚያበራው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ የሚታይበትን መስታወት ጥግ ጥጉን እዩት። ብር የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነጥብ አለው። ያ ነጥብ ነጭ ከሆነ መስታወቱ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ በከንቱ አትድከሙ።

የኛው ነጥቡ ያብረቀርቅ ነበር። የዛገውን ሽቦ ቀየርኩና አዲስ ድንጋይ ከትቼ ከፈትኩት። አረንጓዴዋ ዜሮ ቦግ አለች! አባቴ ከወንበሩ ተነሳ።

አሁን የቀረው ቁልፎቹን መፈተን ነው። 12345679ን በ8 አባዙት። 98765432 ካላችሁ ሂሳቡም ደህና፣ ቁጥሮቹም ደህና ይታያሉ ማለት ነው። ከዚያ እያንዳንዱን ቁልፍ አራት አራት ጊዜ ተጫኑ፤ አራት አራት ቁጥር መምጣት አለበት። 1 ልክ መጣ። 2 ልክ። 3ም 4ም ልክ። 5 ላይ ስደርስ አራቴ ተጭኜ 55555 አለኝ። አጥፍቼ ደገምኩት። አሁን ደግሞ ስድስት አምስት ደረደረልኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከቁልፉ ሥር ቀጭን የብረት ቆብ አለች። ስትጫኗት ትጎብጥና ታችኛውን ብረት ትነካለች። ብረቱ ሲቆሽሽ ግን በአንድ ተጫን ነካ፣ ለቀቅ፣ ነካ ታደርጋለች። ካልኩሌተሩ ሁለቴ የተጫናችሁት ይመስለዋል። ለነገሩ ማሽን አይሳሳትም ያለን ማን ነው? ያ በ395 ዶላር የተሸጠው ኤችፒ-35 እንኳ መጀመሪያ የወጡት ላይ የስሌት ስህተት ተገኝቶባቸው፣ ኩባንያው ለገዢዎቹ ልለውጥላችሁ ብሎ ነበር።

ቁልፉን ላጸዳ ጥጥና አልኮሌን ይዣለሁ። ያኔ ነው ልቤ ድንግጥ ያለው። 5 ብር ላይ አምስቷ ከደገመች 55 ይሆናል፤ 50 ብር ይጨምራል። 15 ብር 155 ይሆናል፤ 140 ይጨምራል። 25 ብር 255 ይሆናል፤ 230 ይጨምራል። እነዚህን ቁጥሮች የት ነው የማውቃቸው?

አባቴ ደብተር አይጥልም። የ1999ኙን አወጣሁና "ጉድለት" ብሎ በቀይ የጻፈባቸውን ሦስት ቀኖች በእጄ ደመርኩ። በሦስቱም ቀን አንድ ሳንቲም አልጎደለም። 230 በጎደለበት ቀን፣ ገጹ መሐል ላይ፣ በልጁ የእጅ ጽሑፍ "ሚስማር 25" ይላል።

ለአባቴ አሳየሁት። ጋቢውን ተከናንቦ ብዙ ሰዓት ዝም አለ። ቁልፉን ላጽዳው ስለው "አትንኪው። እንዳለ ይቀመጥ" አለኝ።

በማግስቱ የልጁን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩለት። አሁን ኮምቦልቻ ውስጥ የራሱ ሱቅ አለው፤ የልጆች አባት ሆኗል። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ እየተንተባተበ ሁሉንም ነገረው። ልጁ ትንሽ ዝም አለና "ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ጊዜ ነግሬዎት ነበር። 'አምስቷ ትደግማለች' ብልዎት 'ሰበብ አታብዛ' አሉኝ" አለው።

"ይቅር በለኝ ልጄ" አለ አባቴ።

"እኔ ይቅር ብያለሁ። እናቴን ግን በስልክ አይሆንም፤ ሄደው ይንገሯት።"

አባቴ 70ን አልፏል፣ ጉልበቱንም ያመዋል። ቢሆንም በሳምንቱ ካልኩሌተሩን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶ በሚኒባስ፣ መንገዱ ሲያልቅ ደግሞ በእግሩ ገጠር ወረደ። እናትየው ፊት ቁጭ ብሎ አምስቷን እየተጫነ እንዳሳያቸው ብቻ ነው የነገረኝ። ምን እንዳሉት አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ማታ ሲመለስ ካልኩሌተሩን ከኪሱ አወጣና "በይ አሁን ጠግኚው" አለኝ።

ጠገንኩት። ውሃ ያልበዛበት አልኮል በቁልፉ ዙሪያ ጠብ ጠብ አድርጌ ሃምሳ ጊዜ ያህል ተጫንኩት፤ ሲደርቅ ደገምኩት። እናንተም እንደዚሁ ሞክሩት። የቁልፉ ሰሌዳ በቀለጠ ፕላስቲክ የተያያዘ ከሆነ ግን አትገንጥሉት፣ እንደነበረ አይመለስላችሁም። ያን ሁሉ ዓመት ዘመድ ያጣላ ነገር አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ? እናማ ወገኖቼ፣ ነገ ከመሳቢያችሁ ብር የጎደለ ሲመስላችሁ ድምሩንም እንደ ገንዘቡ ሦስቴ ደምሩት። ልጁ "ትደግማለች" ካላችሁ ደግሞ እባካችሁ ስሙት።