ሁሉም ትል ተምች አይደለም

ለማስተማር ልምምድ ገጠር ወርደን ነበር። በ2009 ዓ.ም. አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች የእሳት ራት ልጅ መሆኑን፣ በቆሎም እንደሚፈጅ አስተማርንና «ትል ስታገኙ ጨፍልቁ!» ብለን አረፍነው።

በማግስቱ ልጆቹ ከግቢው ሎሚ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስሉ ትሎች ለቅመው ጨፈለቁ። እኛም አጨበጨብንላቸው።

አንዲት ተማሪ ግን አንዱን በጣሳ ደብቃ የሎሚ ቅጠል ስታበላው ኖሯል። ትሉ አድጎ አረንጓዴ ሆነ፤ ቅርፊት ለበሰ። ልምምዳችን ሊያልቅ ሲል ከቅርፊቱ ጥቁርና ቢጫ ቢራቢሮ ወጣ።

«ቲቸር፣ ይሄ ነው ተምቹ?» አለችን። አፈርን።

የሎሚው ትል በቆሎ አይነካም፤ ቢራቢሮውም የአበባ ዱቄት ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሳል። ዕጩ መምህራን ሆይ፣ በአንድ ቃል ስንቱን አስጨረስን! ከ«ጨፍልቁ» በፊት «ለዩ» ማለትን እንልመድ።