የኋላ ወንበር አድናቂዎች

ከሰበታ ወደ ተፍኪ በሚመላለሱት ሚኒባሶች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሙዚቃ ይከፈታል። አንደኛው ዘፈን ነው። በዘፈን ጉዳይ ተሳፋሪው ሁሉ ሊቅ ነው፤ ዘፋኙ የት ተወለደ፣ ማንን አገባ፣ ከማን ጋር ተኳረፈ፣ ረዳቱ መልስ እየቆጠረ ይተነትንልሃል። ሁለተኛው ሾፌሩ በማለዳ፣ ገና ሰው ለወሬ ሳይነቃ የሚከፍተው ቃል የሌለው ሙዚቃ ነው። ኦርጋኑ ይንቆረቆራል፣ ሳክስፎኑ ይቀበለዋል፣ በመስኮቱ የበቾ ጥቁር መሬት ወደ ኋላ ይሸሻል። «ማነው የሚጫወተው?» ብለህ ጠይቅ። «ክላሲካል ነው» ይሉሃል። አለቀ። የዘፋኙን ዘር ማንዘር የሚቆጥር ሕዝብ ለኦርጋን ተጫዋቹ ስም እንኳ አይተርፈውም።

ይህን ነገር ማብሰልሰል የጀመርኩት በእንግሊዞች የተነሳ ነው። ፕሮግረሲቭ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ አላቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ተወልዶ በ1970ዎቹ የደለበ ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሸክላዎቹ ላይ የታተመው እሱ ስለሆነ)። አንዱ ሙዚቃ የሸክላውን አንድ ገጽ እስከ ዳር ይይዛል፤ ምቱ መንገድ ላይ ይለዋወጣል፤ ዘፋኙ እጁን አጣጥፎ ሲቆም ኪቦርድ ተጫዋቹ ይነግሣል። የዚህ ሙዚቃ ወዳጆች ወግ ሲይዙ ታዲያ ሙዚቃውን ትተው ሙዚቀኛውን የት እንዳገኙት ማውራት ይወዳሉ። አንዱ ነዳጅ ማደያ፣ አንዱ አየር ማረፊያ፣ አንዱ መጠጥ ቤት።

ማግኘቱስ አይገርምም፤ ሰዎቹ እንዲለዩ ያላደረጉት የለም። ኪዝ ኤመርሰን በሐመንድ ኦርጋኑ ቁልፎች መሃል ቢላዋ ይሰካ ነበር። «የስ» የተባለው ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ሪክ ዌክማን የሚያብረቀርቅ ካባ ደርቦ፣ ዙሪያውን በኪቦርድ ታጥሮ ይቆም ነበር። በ1975 የንጉሥ አርተርን ታሪክ ለንደን ዌምብሌይ ውስጥ በበረዶ ወለል ላይ፣ በበረዶ ተንሸራታቾች አሳጅቦ አቅርቧል። ከዚያ ቀደም ብሎ ደግሞ የባንዱ ሙዚቃ መርዘሙ ቢያሰለቸው መድረክ ላይ ካሪ አስመጥቶ እዚያው ኪቦርዱ አጠገብ መብላቱን ራሱ እየሳቀ ይተርካል። ካባ ለብሶ መድረክ ላይ ወጥ የበላን ሰው ነዳጅ ማደያ ብታገኘው በምን ትስተዋለህ?

በዚያው ዘመን፣ ያንኑ የመሰለ መሣሪያ ይዞ፣ አዲስ አበባ ሒልተን ሆቴል ውስጥ የሚጫወት ሰው ነበር። ካባ የለውም፤ ቢላዋም አይሰካም። ኃይሉ መርጊያ ይባላል። በ1946 ሸዋ ተወልዶ በልጅነቱ አዲስ አበባ የገባ፣ አኮርዲዮንን ያለ መምህር የለመደ፣ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች። ከዋልያስ በፊት ባንድ ማለት የክቡር ዘበኛ ነው፣ የፖሊስ ነው፣ የጦር ሠራዊት ነው፤ የግል ክበቦች ሲመጡም መሣሪያው የቤቱ ንብረት ነበር። ሙዚቀኛው ከባለቤቱ ጋር ቢጣላ ጃኬቱን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ጊታሩ እዚያው ይቀራል። የዋልያስ ልጆች መሣሪያውን የራሳቸው አደረጉና ራሳቸውን ችለው መዋዋል ጀመሩ። ለእኔ ይህ ከበረዶ ላይ ትርኢቱ የሚበልጥ ጀብዱ ነው።

ደርግ ሲመጣ ሰዓት እላፊ መጣ። ሰዓት እላፊ የማታ ሙዚቃን ይገድለዋል ብሎ የሚያስብ ሰው የአዲስ አበባን ሰው አያውቀውም። በሩ ይዘጋል፤ ውስጥ ያለ እስኪነጋ አይወጣም፤ የማይወጣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ባንዱ እስከ ንጋት ይጫወታል። እንግሊዞቹ ሙዚቃውን ያስረዘሙት ጥበብ ነው ብለው ነው፤ የእኛዎቹ ያስረዘሙት ታዳሚው መሄጃ ስላልነበረው ነው። የትኛው እንደሚሻል አልፈርድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ለማይንቀሳቀስ እንግዳ የተጫወተ እጅ ግን ምን ዓይነት እጅ እንደሚሆን ሸክላዎቹ ይመሰክራሉ።

ሌላም ነገር ነበር። ዘፈን ግጥም አለው፤ ግጥም ደግሞ ሳንሱር ነበረበት። ቃል የሌለው ሙዚቃ ላይ ሳንሱሩ ምኑን ይሰርዛል? በ1977 ዋልያስ «ቼ በለው» የተሰኘውን ሸክላ በካይፋ ሪከርድስ አሳተሙ። ሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎኑን ይዞ አለበት፤ ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት»ም እዚያ ላይ ነው። ሙዚቃዊ ስልትን ሰምቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አለ ብዬ አላምንም፤ ሲከፈት ሁሉም በጣቱ ጠረጴዛ ይመታል። ማን ደረሰው፣ ኦርጋኑን ማን ነካው ብለህ ስትጠይቅ ነው ጣቱ የሚቆመው።

በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ተሻገሩ። ዘመናዊ የኢትዮጵያ ባንድ አሜሪካን ሲዞር የመጀመሪያው ነው። ታዳሚው አብዛኛው ስደተኛ ኢትዮጵያዊ ነበር። ጉዞው ሲያልቅ ከባንዱ ከፊሉ ተመለሰ፤ ኃይሉ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በዋሽንግተን ዙላ በተባለ ባንድ ሠራ። በ1985 ደግሞ ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከሙግ ሲንተሳይዘር፣ ከሮድስ ኪቦርድና ከከበሮ ማሽን ጋር አጋብቶ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አወጣ። የድሮ ዜማ፣ የዛሬ መሣሪያ፣ አንድ ሰው። ሙግ በዌክማንና በኤመርሰን እጅ ነጎድጓድ ነበር፤ በኃይሉ እጅ ዋሽንትና ማሲንቆ መስሎ ተገኘ። ካሴቱ አገር ቤት ገባ። እሱ አልገባም። በ1990ዎቹ መድረኩን ትቶ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ በዋናነት ከዋሽንግተኑ ደለስ አየር ማረፊያ።

ኪቦርዱን ግን አልተወም። በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከታክሲው ዕቃ መጫኛ ውስጥ አይጠፋም ነበር። ደንበኛ አድርሶ ተራ እስኪደርሰው ያወጣዋል፣ ይለማመዳል፣ ይመልሰዋል። ቀጥሎ የሚገባው ተሳፋሪ ሻንጣውን ኪቦርዱ ጎን አስቀምጦ ከኋላ ይቀመጣል። ከእነዚያ ተሳፋሪዎች መካከል በልጅነቱ «ሸሞንሟናዬ»ን ካፌ ውስጥ እየሰማ ማኪያቶ የጠጣ ሐበሻ አይጠፋም። አድናቂ ከሙዚቀኛው ጋር ተገናኘ ማለት ነው፤ ያውም ያን ያህል ማይል ሙሉ። የተነጋገሩት ግን ስለ ሒሳብና ስለ መንገድ መዘጋጋት ሊሆን ይችላል።

ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ታሪክ ካወቀች ወዲህ ታክሲ ውስጥ ዝም ብላ መቀመጥ ተስኗታል። ሾፌሩ ሸምገል ያለ ሐበሻ ከሆነ በመስታወቱ አተኩራ ታየውና ትጀምራለች።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ሙዚቀኛ ነበሩ እንዴ?»

«የለም የኔ ልጅ፣ እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ።»

በሌላ ጊዜ የገጠማት ዳኛ ነበር። ሌላው የእርሻ ባለሙያ፣ ያውም በቾን አብጠርጥሮ የሚያውቅ፤ እስክትወርድ ድረስ ስለ ተፍኪ ሽምብራ ሲነግራት፣ እሷም የእናቷን አገር ከታክሲ ሾፌር ስትማር ደረሱ። አንዱ ደግሞ በጣም ስቆ፣ «አይደለሁም፤ ግን ደስ ካለሽ እንዘፍናለን» አላት። ሙዚቀኛውን አላገኘችውም። ያገኘቻቸው ሰዎች ግን እያንዳንዳቸው አንድ ቀን የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ነበሩ፤ ማንም ከኋላ ወንበር ሆኖ ስላልጠየቃቸው ብቻ ሾፌር የሚባሉ።

ኃይሉን ያገኘው ሌላ ሰው ነው። ብራያን ሺምኮቪትዝ የሚባል አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ካሴት ሲያገላብጥ «ሸሞንሟናዬ» እጁ ገባች። ሰማ፤ ወደደ፤ ስም ነበረው፤ በስሙ ፈልጎ ስልክ አገኘና ደወለ። ታክሲ ነጂው ስልኩን አነሳ። በ2013 አልበሙ እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ ሰባዎቹ እየተጠጋ ወደ መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ»፣ በ2020 «የኔ ምርጫ» ተከተሉ።

ፈረንጅ ሰምቶ፣ ፈልጎ ማግኘቱ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1984 የማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» ሸክላ በወዳጁ በኩል ሰማ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ መጣ፤ ያ ድንገተኛ መስማት በ1997 የተጀመረውን «ኢትዮፒክስ» የተባለ ተከታታይ ኅትመት ወለደ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን በሳክስፎን ያስፎከረ ሰው ነው፤ «ዘ ኤክስ» የተባሉ የሆላንድ ፓንክ ተጫዋቾች ፈልገው አግኝተው በ2004 ለባንዳቸው 25ኛ ዓመት ጋበዙት፣ በ2006 «ሞአ አንበሳ»ን አብረውት ቀረጹ። በዕድሜ ልጆቹ ሊሆኑ የሚችሉ ጎልማሶች ጊታር ሲያስጮሁ ሽማግሌው ጋቢ ፍለጋ አልሄደም፤ በልጧቸው ጮኸ።

«ለምን ፈረንጅ ብቻ ያገኛቸዋል?» የሚል ቁጭት አለ፤ እኔም አለብኝ። መልሱን የማየው እዚሁ አዲስ አበባ ዙሪያ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይና ቡራዩ አጠገብ ገፈርሳ ውኃ ዳር ፈረንጆች መነጽር አንግበው ይመጣሉ፤ እኛ ወፍ ብለን የምናልፈውን በስም በስሙ ይጠሩታል፤ አንዷን ለማየት ውቅያኖስ ያቋርጣሉ። እኛ ወፎቹን ስለማንወድ አይደለም፤ በየማለዳው ስለሚጮኹልን ነው። የሞላ ነገር አይፈለግም። የኃይሉ ኦርጋን ከጆሯችን ወጥቶ ስለማያውቅ፣ ሰውየው የት ሄደ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እንግሊዞቹንም ያለ ልክ አላሞግስ። ሰኔ 1975 የፒንክ ፍሎይድ አባላት ለንደን አቢ ሮድ ስቱዲዮ ውስጥ ስለ ቀድሞ ጓደኛቸው፣ ከባንዱ መሥራቾች አንዱ ስለነበረው ስለ ሲድ ባሬት፣ የተደረሰውን ረጅም ሙዚቃ እያሰናዱ ሳለ አንድ ወፍራም፣ ራሱንም ቅንድቡንም የተላጨ ሰው ገብቶ ቆመ። ማን እንደሆነ እስኪለዩት ጊዜ ወሰደባቸው። ራሱ ሲድ ነበር። አብሮህ የተጫወተ ሰው በሰባት ዓመት ከጠፋብህ፣ የደለስን ተሳፋሪ ማን ይወቅሰዋል? ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲድን ካምብሪጅ ድረስ ተከትለው በሩን የሚያንኳኩ አድናቂዎች እስከ ሕልፈቱ፣ እስከ 2006፣ አላጡትም። እሱ ግን ሰው አልፈለገም። የእኛዎቹ ስልክ ያነሳሉ።

ለነገሩ ሮክ ለሚወድ ጎረምሳ ዛሬ አገር ውስጥም አለለት። ጃኖ ባንድ «ኤርታሌ»ን በ2012 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት አውጥቷል። ወደ ፕሮግረሲቭ ሮክ የቀረበ ኢትዮጵያዊ ድምፅ ከተፈለገ ደግሞ አስናቀ ገብረየስ «ዩካንዳንዝ» ከተባሉት ፈረንሳውያን ጋር የሠራውን ይስሟል፤ በካሴት ዘመን የምናውቀው ያ ድምፅ በከባድ ጊታር መሃል ሲገባ ጣሪያ ያነሳል። የጃኖን ዘፋኞች ፊት ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ድራም መቺውን መንገድ ላይ ቢያገኙት ያውቁት እንደሆነ ግን የጎረቤቴን ልጆች ስጠይቅ መልሱን ቀድሜ ገምቼው ነበር።

ባሕር ዳር ላይ የሆነው ነገር የተአምር ያህል ይወራል። እኔ ግን ጠቅላላው ምስጢር ወረቀቱ ነው ባይ ነኝ። ካሴቷ ልባስ ነበራት፤ ልባሱ ላይ የሰውየው ስምና ፎቶ ነበር። ያው ሙዚቃ ዛሬ በየፍላሹ አለ፤ የፋይሉ ስም ግን «ትራክ 7» ነው። ሺምኮቪትዝ «ትራክ 7»ን ቢያገኝ ኖሮ ለማን ይደውል ነበር?

ስለዚህ በተፍኪም በሰበታም፣ በቡራዩም በሱሉልታም፣ የአባቶቻችሁን ካሴት በካርቶን ሞልታችሁ ቁምሳጥን አናት ላይ የሰቀላችሁ ሁሉ፣ ቴፑ ቢበጠስና ለልጆች መጫወቻ ቢሆን እንኳ ልባሱን አትጣሉት። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል ኦርጋን፣ ሊድ ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም እያለ የሚዘረዝራቸውን ስሞች በስልካችሁ ፎቶ አንሡና ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ከእነሱ ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ።