ጾሙ ነው አልኩ

አዲስ አበባ ውስጥ እንጀራ እየጋገርኩ በመሸጥ ሁለት ልጆች አሳድጋለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል ናት። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ታሪፍ በየሦስት ወሩ መጨመር ሲጀምር፣ ወር ያደርሰኝ የነበረው የቆጣሪ ካርድ ሃያ ቀን አልሞላ አለ። ምጣድ ብዙ መብራት ይበላል፤ ፍጆታው በበዛ ቁጥር ደግሞ የኪሎዋቱ ሒሳብም ከፍ ይላል። ወፍጮ ቤቱም የማስፈጫውን ጨመረ። በአንድ እንጀራ ላይ አንድ ብር ብጨምር አምስት ይወስዱ የነበሩት ሦስት መውሰድ ጀመሩ። መብራቱን ለምጣዱ ብቻ ትቼ ወጡንም ቡናውንም በከሰል አደረግሁ።

በነሐሴ፣ በፍልሰታ፣ ዝናቡ ደጅ አላስቀምጥ አለኝና ምድጃውን ወደ ቤት አስገባሁ። ከሰሉ በደንብ ሳይቀላ ሽሮ ጣድኩበት። ብርድ እንዳይገባ በሩን ዘጋሁ። ትንሿ ልጄ አልጋ ላይ ነበረች፤ ወንድሟ ወጥቷል።

ስምንት ሰዓት ገደማ ራሴን አመመኝ። ጾሙ ነው አልኩ። ጉልበቴ ሲከዳኝም ጾሙ ነው አልኩ።

«እማዬ፣ ራሴን» አለች ልጄ።

እሷ እኮ አልጾመችም። ጠዋት ዳቦ በሻይ በልታለች፤ ያበላኋት እኔ ነኝ። እንግዲያው የያዘን ጾም አይደለም። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ጭስ የለም፣ ከሽሮው በቀር የሚሸት ነገር የለም። ያኔ ፈራሁ። ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እየዳኸሁ ሄጄ መቀርቀሪያውን ሳብኩት። በሩ ተከፈተ፣ እኔም ደፉ ላይ ወደቅሁ። እንጀራ ልትወስድ የመጣች ጎረቤቴ «አንቺ፣ ምን ሆነሽ ነው?» ስትል ሰማኋት። ልጄን አቅፋ ያወጣቻት እሷ ናት።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጡን። ሐኪሟ ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደማይታይ፣ እንደማይሸትም ነገረችኝ፤ ቤት ውስጥ ከሰል ለምታቀጣጥሉ ሁሉ ይህን ማድረስ አለብኝ ብዬ ነው የምጽፈው። በማግስቱ ሁለታችንም በእግራችን ወጣን። እግዚአብሔር ይመስገን።

ወጪው ዛሬም አልቀለለም። ጠዋትና ማታ እጋግር የነበረውን በአንድ ጊዜ እጨርሳለሁ፤ ምጣዱን ሁለቴ ማጋሉ ነበር ካርዱን የሚጨርሰው። ከጠፋ በኋላ በቀረው ሙቀት ቆሎ እቆላለሁ። ለምድጃው ጎረቤቴና እኔ ደጅ ላይ ቆርቆሮ አቆምንለት። ልጄ «ራሴን» ካለች ግን፣ ከሰል ባይኖርም እንኳ፣ መጀመሪያ በሩን እከፍታለሁ።